ካሲልዳ አርሴና የተገለበጠው ዳቦ

ሳን ኤሎይ ውስጥ ዳቦ የሚገዛው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እዚያም የሚሸጠው በግልምጫ ነው። ካሲልዳ አርሴ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምራ ከባንኮኒው ኋላ ትቆማለች። ዱቄት የነካው እጇን ወገቧ ላይ ታደርግና የሚገባውን ሰው ሁሉ ክብሪት ይዞ ቤቷን ሊያቃጥል እንደመጣ ታየዋለች። «እንደምን አደርሽ» ያላት ሰው የሚያገኘው መልስ «ስንት?» ነው። «አንቱ» ብሎ ያከበራት ደግሞ ወየለት። «እኔ ሐውልት ነኝ? እግሬ ሥር አበባ ልታስቀምጥ ነው?» ትለዋለች። ስለዚህ ታላቅም ታናሽም ሳንል ሁላችንም አንቺ እንላታለን።

ጎብኚዎች ይህን አያውቁም። ከድንበሩ ማዶ በትልልቅ መኪና እየመጡ የማዕድን ኩባንያው ፈረንሳዮች የሠሯቸውን የእንጨት ቤቶች፣ ብቻውን የቀረውን የማቅለጫውን ጭስ ማውጫ፣ ከመዳብ ዝቃጭ የጠቆረውን የባሕር ዳርቻ ሲያዩ ይውሉና መጨረሻ ላይ ዳቦ ቤት ይገባሉ። አንድ ቀን ባርኔጣዋ ጃንጥላ የሚያክል ሴትዮ ምድጃውን ፎቶ ላንሳ ብላ ጠየቀቻት።

«ምድጃው ምን አደረገሽ?» አለቻት ካሲልዳ።

«መቶ ዓመቱ ነው ሲሉ ሰምቼ...»

«መቶ ዓመት የነደደ ነገር ፊት መቆም ደስ የሚል ከመሰለሽ ግቢና ቁሚ። ፎቶ የሚነሳ ሙሽራ ነው። ስንት?»

ሴትዮዋ ሁለት ገዛች። ወጥታ ለባሏ ስትነግረው እየሳቀች ነበር። የተሰለፍነው ግን አልሳቅንም፤ ቀጥሎ ተራው የኛ ነበር።

እኔ የተወለድኩት ከባሕሩ ወዲያ ሲናሎዋ ውስጥ ነው። እዚህ የመጣሁት ለአንድ ዓመት ላስተምር ነበር፤ ኦቲሊያን አገባሁና ቀረሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦ ልገዛ ስገባ መደርደሪያው ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ፣ አንድ ዳቦ በጀርባው ተገልብጦ ተቀምጦ አየሁ። የወደቀ መስሎኝ እጄን ሰድጄ አቀናሁት። ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ካሲልዳ ያኔ የሠላሳ ዓመት ሴት ናት፤ አጎቷ ታሞ ዳቦ ቤቱን የተረከበች ሰሞን ነው።

«እጅህን አንሳ!»

«የወደቀ መስሎኝ...»

«የወደቀ ነገር የለም። አስተማሪ ነው አሉኝ፤ መጀመሪያ ራስህ ተማር።» ዳቦውን መልሳ ገለበጠችው።

ወዲያው ጥቁር ሻሽ ያሰረች ቀጭን ሴትዮ ገባች። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ፤ ለክብሯ ግን አልነበረም፤ ልብሷ እንዳይነካቸው ነው። ሴትዮዋ የተገለበጠውን ዳቦ ራሷ አነሳች፤ ሳንቲሙን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች፤ «ደህና ዋሉ» ብላ ወጣች። አንድም ሰው አልመለሰላትም። እኔ አፌን ልከፍት ስል ከኋላዬ የቆመ ሰው በክርኑ ነካኝ።

ቤት ስደርስ ኦቲሊያን ጠየቅኋት።

«ዶኛ ሬፉሂዮ ናቸው» አለችኝ፤ «የናቦር ኮታ ሚስት። የአድማ አፍራሹ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሲልዳ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ማዕድን ቤቱ አርባ አንድ ቀን አድማ መታ። ማንም ጉድጓድ አልወረደም፣ ማንም የማቅለጫውን ምድጃ አልቀረበም። አድማውን የመራው የሠራተኛ ማኅበሩ ጸሐፊ የካሲልዳ አባት ቴሌስፎሮ አርሴ ነበር። ሕዝቡ የባሕር ቀንድ አውጣ እየቀቀለ ይበላ ነበር። ታዲያ በየዕለቱ ከጭስ ማውጫው ቀጭን ጭስ ይወጣል። ሰው አንጋጦ አየ፤ ጠበቀ፤ አንድ ጠዋት የምድጃ ሠራተኛው ናቦር ኮታ በኋለኛው በር ሲገባ ተያዘ። ደበደቡት። በማግስቱ ፊቱ አብጦ ተመልሶ ገባ። በአርባ አንደኛው ቀን ኩባንያው እጁን ሰጠ፤ ቴሌስፎሮን በትከሻቸው ተሸክመው ከተማውን አዞሩት፤ ዋናው መንገድ በስሙ ተሰየመ። የናቦር ቤት መስኮት ተሰበረ። ዳቦ ጋጋሪው የካሲልዳ አጎትም ፈረንሳዮቹ በአገራቸው ለሚጠሉት ሰው ያደርጉታል ሲሉ የሰማውን አደረገ፤ የናቦርን ቤት ዳቦ ገለበጠው። ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ አያውቅም።

ናቦር ከዚያ በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ሠራ፤ አብሮት ውሃ የጠጣ ሰው የለም። ሲሞት ደግሞ የባሰው መጣ።

የኛ መቃብር ኮረብታው ላይ ነው፤ መኪና አይወጣውም። ሬሳ ሣጥን ከባሕሩ ዳር ተነስቶ በቴሌስፎሮ አርሴ መንገድ ሽቅብ ይወጣል። አራት ሰው ይጀምራል፤ ከዚያ በየቤቱ ደጃፍ ሲያልፍ በሩ ይከፈትና የቤቱ ወንድ ወጥቶ አንዱን ይተካል፤ እስከሚቀጥለው በር ይሸከማል። ወንድ የሌለበት ቤት ሴቷ በሩን ከፍታ መቃኑን ይዛ ትቆማለች፤ እሱም ይቆጠራል። የናቦርን ቤት ሳይቆጥሩ ሃያ ሦስት በር ነው። ዳቦ ቤቱ የመጀመሪያው ነው። ናቦር ሲወጣ አንድም በር አልተከፈተም። ልጁ ኤቮዲዮና ሦስት የተለመኑ ዓሣ አጥማጆች ያለ ተተኪ በሐምሌ ፀሐይ እየወጡ ሳለ፣ ጠመዝማዛው ላይ ሲደርሱ አንዱ ተንሸራተተና ሣጥኑ ወደቀ። ማዕዘኑ ተሰነጠቀ። ዶኛ ሬፉሂዮ የባላቸውን እጅጌ በስንጥቁ አዩ ይባላል። ኤቮዲዮ በሳምንቱ ሩቅ ወዳለው ወደብ ወደ ኤንሴናዳ ሄዶ የመርከብ ሞተር ጠጋኝ ሆነ። እናቱ ግን አልሄዱም፤ በሕፃንነቷ የሞተች ሴት ልጃቸውም እዚያው መቃብሩ ውስጥ ናት።

ይህን ሁሉ የነገርኳችሁ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነው እንዲገባችሁ ነው።

በጥቅምት፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ ኤቮዲዮ መጣ። ስልሳ ዓመቱ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ የማይለቀው ሰው። ዶኛ ሬፉሂዮ አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐኪሙ ቀናት ነው ብሏል። እናቱ አንድ ነገር ብቻ ለምነውታል፦ «በበሮቹ ልውጣ። እንደ አባትህ አታስጥለኝ።» ስለዚህ ኤቮዲዮ ከታች ጀምሮ በር ማንኳኳት ያዘ። የኛ በር አሥራ አንደኛው ነው፤ እኔ ትምህርት ቤት ስለነበርኩ ግን ሌሎቹን ሁሉ አዳርሶ መጨረሻ ላይ ተመልሶ መጣ።

«ልለምን አልመጣሁም፣ መምህር» አለኝ ወንበር ስስብለት፤ አልተቀመጠም። «ልጠይቅ ነው የመጣሁት። ትከፍታለህ ወይስ አትከፍትም?»

እኔ ኦቲሊያን አየሁ። ኦቲሊያ መሬት መሬቱን አየች።

«ካሲልዳ ከከፈተች እንከፍታለን» አለች።

ኤቮዲዮ ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አይልም። «አሁንስ ዘፈን ሆነ! ሃያ ሁለት በር አንኳኳሁ፤ ሃያ አንዱ ካሲልዳ፣ ካሲልዳ አለኝ። ይሄ ከተማ ነው ወይስ እናቱ ኋላ የሚንጫጫ ጫጩት?»

«ሃያ ሁለተኛውስ?»

«ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሽማግሌ፣ ዶን አውሴንሲዮ? እሱማ ውሻ ለቀቀብኝ። ቢያንስ ሐሳቡን ራሱ ነው ያሰበው።»

ወጥቶ ሲሄድ ኦቲሊያ «ምን ልበለው ታዲያ?» አለችኝ። እኔም በውስጤ ያልኩት ያንኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰልፉ ውስጥ አምስተኛ ነበርኩ። ኤቮዲዮ ገባ፤ ሰልፉን አልፎ ባንኮኒው ላይ ሁለት እጁን አሳረፈ። ሁለቱ አንድ ክፍል ተምረዋል፤ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል ይባላል፤ እስከ አድማው ድረስ።

«ስንት?» አለችው።

«ዳቦ አልፈልግም።»

«ዳቦ ቤት ነው። ሚስማር ከፈለግህ ማዶ ነው።»

«እናቴ እየሞተች ነው፣ ካሲልዳ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ስትወጣ በርሽን ክፈቺ። አንቺ ከከፈትሽ እነዚህ ሁሉ ይከፍታሉ።» ወደ እኛ በአገጩ አመለከተ። «የራሳቸው እጅ ያላቸው አይመስለኝም።»

ከፊቴ የቆመችው ኤልፊዳ «አፍህን ሰብስብ!» አለችው። «አባትህ የሠራውን ረስተህ ነው? የኔ እናት በዚያ አድማ ጊዜ ቀበቶ ቀቅላለች!»

«አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር።»

«ቢሆንስ! ቀበቶው አሁንም አለ!»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኤቮዲዮ አልዞረም። «እናቴ ማቅለጫው ገብታለች?» አለ ካሲልዳን እያየ። «በሃምሳ ዓመት ውስጥ የገለበጣችሁባትን ዳቦ ትታ የሌላ ሰው ዳቦ ነክታለች? አንድ ቀን ‘ለምን?’ ብላሻለች?»

«አላለችም።»

«ሰድባሻለች?»

«ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለች ካሲልዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ ከፊት ካሉት በቀር የሰማት ያለ አይመስለኝም። ከዚያ ጮኸች። «ውጣ ከዚህ! ሰልፉን ዘጋኸው። ቀጥሎ! ስንት?»

አሥር ሰዓት ላይ፣ በሩን ስትዘጋ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ሰው ሲናገር መስማት እወዳለሁ፤ ካሲልዳ ደግሞ ያን ቀን መናገር የፈለገች መስላ ታየችኝ። የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ የምድጃውን አመድ ትጠርጋለች።

«ምን ፈለግህ?»

«ምንም።»

«ምንም የሚፈልግ ሰው ጆንያዬ ላይ አይቀመጥም።» መጥረጊያውን አቆመችው። «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም። ላንተ መንገር ለግድግዳ እንደ መንገር ነው።»

እዚህ ከመጣሁ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር፤ ግድግዳ መሆኔን ያን ቀን አወቅሁ።

«ናቦር አድማ አላፈረሰም» አለች። «የላከው አባቴ ነው።»

አባቷ የሞተው ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። በመጨረሻው ሳምንት፣ ትራስ ስታስተካክልለት፣ እጇን ይዞ ነገራት። መዳብ ምድጃ ውስጥ ከቀዘቀዘ ይረጋል፤ ከረጋ ደግሞ ምድጃውን በድማሚት ከማፍረስ በቀር መፍትሔ የለውም። ኩባንያው የሚጠብቀው ይህንኑ ነበር፤ ምድጃው ሲሞት ‘በቃ፣ ሥራ የለም’ ብሎ አገሩ ሊገባ። ቴሌስፎሮ ይህን አውቆ ናቦርን ቤተ ክርስቲያን ኋላ ጠራው፤ በቀን ሁለት ጊዜ እየገባ እሳቱን ብቻ እንዲያቆይ ለመነው። ለሠራተኛው ቢነገር ግን አድማው ይፈርሳል፤ ‘እሱ ገብቶ እኛ ለምን እንራባለን?’ የሚል አይጠፋም። ስለዚህ ለማንም እንዳይነግር ናቦርን መስቀል አስያዘው። አድማው ሲያልቅ በአደባባይ እናገርልሃለሁ አለው።

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?»

«ትከሻ ላይ አወጡት እኮ!» ጮኸችብኝ፤ ግድግዳው ላይ። «ትከሻ ላይ ያለ ሰው ምን ይናገራል? ነገ አለ። ነገ መንገዱን በስሙ አደረጉለት። ሳምንት አለ። ሳምንት የናቦርን መስኮት ሰበሩት፤ አሁን ብናገር እኔን ነው የሚሰብሩኝ አለ። ከዚያ ዓመት ሆነ። ናቦር ደግሞ መስቀል ይዟልና አንድ ቃል አልወጣውም። ሲቀብሩት ትዝ ይለኛል፤ አባቴ በሩን ዘግቶ ከበሩ ኋላ ቆሞ ያለቅሳል። እኔ ሞኟ ከንዴቱ ብዛት መስሎኝ ውሃ አመጣሁለት።»

«ዶኛ ሬፉሂዮ ያውቃሉ?»

«ታውቃለች። በየጠዋቱ ዓይኗ ላይ አየዋለሁ። ሳንቲሟን አስቀምጣ ‘ደህና ዋሉ’ ስትል ታውቃለች። እኔም እንደማውቅ ታውቃለች። የምጠላትም ለዚያ ነው።»

«ካወቅሽ በኋላም ዳቦውን...»

«ካወቅሁ በኋላም። ባቀናው ኤልፊዳ ‘ለምን አቀናሽው?’ ትለኛለች። ለምን ካለችኝ አባቴን አሳልፌ ሰጠሁ ማለት ነው።»

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ «እንግዲያው ምንም ሳትናገሪ በሩን ብቻ ክፈቺ» አልኳት። «ሴትዮዋም በክብር ይወጣሉ፤ አባትሽም አይነካም።»

እንደዚያ ቀን ገላምጣኝ አታውቅም።

«ስከፍት ሰው ምን ይላል? ‘ካሲልዳ ይቅር አለች፤ ልቧ ትልቅ ነው’ ይላል። እኔ ማንን ነው ይቅር የምለው? ይቅር መባል ያለብኝ እኔ! ስዘጋ ቢያንስ ክፉ ነኝ፤ ክፉ መሆኔ እውነት ነው። ስከፍት ደግ ልባል? ተነስ ከጆንያዬ ላይ።»

ዶኛ ሬፉሂዮ ሐሙስ ጠዋት አረፉ። ቀብራቸው ዓርብ አሥር ሰዓት ሆነ። ኤቮዲዮ፣ ሁለት አማቾቹና ሣጥኑን ያመጣው ሾፌር አራቱን ማዕዘን ያዙ። ቄሱ ከፊት። እኛ ሁላችን በየቤታችን ነን፤ በሮቹ ዝግ ናቸው፤ መስኮቶቹ ግን ገርበብ ብለዋል፤ ካየን ሳንታይ ማየት እንወዳለን። በረንዳው ላይ በግልጽ የተቀመጡት ዶን አውሴንሲዮ ብቻ ነበሩ፤ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ውሻቸው እግራቸው ሥር። እኔ መስኮት አልበቃኝ ብሎ ወርጄ ከቤታቸው ማዕዘን ቆሜ ነበር።

ሣጥኑ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ደረሰና ቆመ። ኤቮዲዮ ሆን ብሎ አቆመው። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። አይጠራም፣ አይለምንም። በሩን ያያል። ቄሱ ጉሮሮውን ጠረገ። ሾፌሩ «እንሂድ እንጂ፤ ከበደኝ» አለ።

በሩ ተከፈተ።

ካሲልዳ ሽርጧን አውልቃ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ መቃኑን ይዛ ቆመች። ሽቅብ በመንገዱ ሁሉ ማጠፊያ ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት በር። ዶን አውሴንሲዮ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ባርኔጣቸውን አነሱ፤ ለሣጥኑ ሳይሆን ለካሲልዳ።

«የቴሌስፎሮ ልጅ!» አሉ። «አባትሽ ዛሬ ቢያይሽ! ለከዳተኛ ሚስት እንኳ ልብሽ የራራ! እንዲህ ያለ ዘር ነው እንጂ...»

«ዝም በል!» አለች ካሲልዳ።

ሽማግሌው ሊቀጥሉ አፋቸውን ከፈቱ።

«ዝም በል አልኩህ! ከዳተኛ አልነበረም። አባቴ ነው የላከው። ምድጃው እንዳይረጋ፣ ሥራችሁ እንዳይጠፋ፣ ለምኖ፣ መስቀል አስይዞ ላከው። አድማው ሲያልቅ እናገርልሃለሁ ብሎ ዋሸው። ትከሻችሁ ላይ ሆኖ ዋሸው። ይኸው ነው! ሰማችሁ? ከላይ ያላችሁትም ሰማችሁ?»

ሰምተዋል።

«ውሸታም» አሉ ዶን አውሴንሲዮ።

«ለመዋሸትማ ዝም ማለት ይበቃኝ ነበር።»

ሽማግሌው ከበረንዳው ወረዱ። ቀስ ብለው፤ ደረጃውን አንድ በአንድ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሊሞት ሲል ነገረኝ።»

«ሃያ ሁለት ዓመት።» ቆጠሩት በጣታቸው ሳይሆን በፊታቸው። «እኔ ሃያ አንድ ዓመት ከጎኑ ሠርቻለሁ። አንድ ሐምሌ ሙቀቱ ጥሎት ውሃ ለመነኝ። እያየኝ መሬት ላይ ደፋሁት። እየሳቅሁ! ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ለሰው እንደ ጀብዱ ሳወራ፣ እዚህ ዳቦ ቤትሽ ውስጥ ሳወራ፣ አንቺ እያወቅሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«እሰማህ ነበር።»

«ዳቦውንም ትገለብጪ ነበር?»

«እገለብጥ ነበር።»

ሊመቷት ነው ብዬ አንድ እርምጃ ሄድኩ። አልመቷትም። እግሯ ሥር ተፉና ዞረው ወደ ሣጥኑ ሄዱ። የሾፌሩን ትከሻ ገፋ አድርገው የእሳቸውን ትከሻ አስገቡ። ኤቮዲዮ አንገቱን አዙሮ ለረጅም ጊዜ አያቸው። ውሻ የለቀቁበት ሰው ናቸው።

«የምፈቅድልህ ለእሷ ስል ነው» አላቸው። «ይቅርታ እንዳይመስልህ።»

«ማን ጠየቀህ? ተራመድ።»

ያን ጊዜ ካሲልዳ መቃኑን ለቃ ወጣች። ሁለት እጇን ወደ ሣጥኑ ዘርግታ ነበር፤ ሴት አትሸከምም፤ ግን ልትሸከም ነበር፤ ወይም ልትነካ ብቻ፤ አላውቅም። ኤቮዲዮ ጮኸ፤

«አንቺ አትነኪያትም!»

እጇ አየር ላይ ቆመ።

«አባትሽ ፈሪ ነበር» አላት፤ አሁን ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ፈሪ ሰው አውቃለሁ፤ እኔም ሸሽቼ ኤንሴናዳ ገብቻለሁ። አንቺ ግን በየጠዋቱ እያየሻት! ግቢ ቤትሽ።»

ገባች። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ሣጥኑ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያልተከፈተ በር አልነበረም፤ እንዲያውም ሁለት ሁለት ወንድ ከየቤቱ እየወጣ ይጋፋ ጀመር፤ እፍረት ሲገፋን ከእምነት የበለጠ ፈጣኖች ነን። ዶን አውሴንሲዮን ሦስት ጊዜ ልንተካቸው ሞከርን፤ በክርናቸው መለሱን። እኔ ከበሬ እስከ አሥራ ሁለተኛው በር የግራውን ኋላ ይዣለሁ። ሣጥኑ ቀላል ነበር፤ ሃምሳ ዓመት እንዲያ የፈራነው ነገር የወፍ ያህል አይከብድም። ጠመዝማዛው ላይ ስንደርስ ኤቮዲዮ «ቀስ! ቀስ!» እያለ አለቀሰ። ዶኛ ሬፉሂዮ አልወደቁም። በበሮቹ ወጥተው ከናቦርና ከልጃቸው ጎን ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ቁጣውን የሚያሳርፍበት ሰው ፈለገ፤ ሩቅም አልሄደ። የመንገዱ ታፔላ ላይ አንድ ሰው ሬንጅ ቀባበት። ለሦስት ሳምንት ካሲልዳ የጋገረችውን ዳቦ የበላው የባሕር ወፍ ነው። ኤልፊዳ ቤቷ ልትጋግር ሞክራ ጎረቤት ሁሉ ጥርሱን ስለታመመ፣ በአራተኛው ሳምንት ሰልፉ ተመለሰ። ግን ማንም አያወራም። ድሮ እሷ ትገላምጠን ነበር፤ አሁን እኛ ባንኮኒው ላይ ጣት እናወጣለን፤ ሁለት፣ ሦስት፤ አንድ ቃል ሳንናገር። እሷም «ስንት?» ማለት ተወች። ጎብኚዎቹ ብቻ እንደድሮው ይስቃሉ፤ የዚህ አገር ሰው ትሁትና ጸጥተኛ ነው ብለው ይጽፋሉ አሉ።

ኤቮዲዮ ለሟች የሚደረገውን የዘጠኝ ቀን ጸሎት ጨርሶ ሲሄድ አውቶቡስ ጣቢያ የሸኘሁት እኔ ነኝ። የእናቱን ቤት ለአንድ የድንበር ማዶ ሰው ይሸጣል ተብሎ ይወራ ስለነበር ጠየቅሁት።

«አልሸጠውም» አለኝ።

«ልትመለስ ነው?»

«እዚህ? ከእናንተ ጋር?» ሻንጣውን አነሳ። «አይ። ግን ቤቱ መንገዱ ላይ ነው፣ መምህር። በር አለው። እሷም አንድ ቀን ትሞታለች። ስትሞት ደውልልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን እነሳለሁ። መጥቼ እገባና ሲያልፉ በሬን ዘግቼ እቀመጣለሁ።»

«ሃያ ሁለቱስ ቢከፍቱላት?»

«ይክፈቱ። እኔ አንድ ነኝ፤ አንድ ዝግ በር ታያለች።»

በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል፤ በሩን ቀለም ይቀባል፤ ማንንም ሳያናግር ይሄዳል። ባለፈው ሚያዝያ የመጣ ዕለት ዳቦ ቤት ነበርኩ፤ ካሲልዳ በመስኮት ስታየው አገኘኋት። ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ተናገርኳት፤ ኤቮዲዮ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝ ይሆናል። የምትናደድ መስሎኝ ነበር።

«ቀለሙ ይላጣል» አለች ብቻ። «ያን በር የባሕሩ ጨው ይበላዋል፤ ሁለት እጅ ካልቀባው እስከዚያ አይቆይለትም። ንገረው።»

ነገርኩት። ኤቮዲዮ ብሩሹን ነክሮ ሁለተኛውን እጅ ቀባ።